ማንቂያው ሲጮህ ተቆጣጣሪው ማንን ይስማ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከሬገን አየር ማረፊያ ሩቅ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2025 ፖቶማክ ወንዝ ላይ ሄሊኮፕተርና የመንገደኛ አውሮፕላን ከተጋጩበት አደጋ ወዲህ ስለ አየር ትራፊክ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ጃፓን ሃኔዳ ላይ በ2024 ሁለት አውሮፕላኖች ሲጋጩ ማማው ውስጥ ማንቂያው በርቶ ነበር ይባላል፤ ተቆጣጣሪው ግን አላስተዋለውም። ማሽኑ ካየው ለምን ራሱ አያስቆመውም? ሰውየውስ ምን ይሠራል? የምጠይቀው ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ላይ ለተቆጣጣሪነት ሊሰለጥን ስለሆነ ነው። ማንቂያውና የራሱ ዓይን ሲለያዩበት የቱን ይመን?»

ማሽኑ አላየም። ከዚህ እንጀምር፤ ሌላው ብዥታ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ነጥብ ብቻ ነው። ራንዌዩ (አውሮፕላን የሚነሳበትና የሚያርፍበት መንገድ) ላይ አንድ ነጥብ አለ፣ ወደዚያው የሚመጣ ሌላ ነጥብ አለ፣ በዚህ ፍጥነት ከቀጠሉ ይገናኛሉ። ይህን የሚያሰላው ከመሬት ራዳር፣ ከትራንስፖንደር (ማንነቱን ከሚያሳውቅ የአውሮፕላኑ መሣሪያ) ምልክትና አውሮፕላኑ ራሱ ከሚያሰራጨው የጂፒኤስ መረጃ ነው። የመጀመሪያው ነጥብ በፈቃድ ይግባ በስህተት፣ አሁኑኑ ሊነሳ ይሁን ወይስ የሚጠብቀው ነገር ይኑር፣ አብራሪው ምን ሰምቶ ምን እንደመሰለው አያውቅም። ያንን ማወቅ ያለበት ማማው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

ሃኔዳን እንየው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024፣ አመሻሹ 11 ሰዓት ከ47። የባህር ጠረፍ ጥበቃው ዳሽ 8 አውሮፕላን ከአንድ ቀን በፊት በኖቶ ለደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እርዳታ ጭኖ ሊነሳ ነው። ተቆጣጣሪው «ቁጥር አንድ ነህ፣ ሲ5 መቆሚያው ድረስ ሂድ» አለው። ለመነሳት የመጀመሪያው ተረኛ አንተ ነህ፣ ከራንዌዩ ውጭ ጠብቅ ማለቱ ነበር። አብራሪውም ትእዛዙን ደግሞ አነበበ። ግን ራንዌዩ ላይ እንዲገባ የተፈቀደለት መሰለው። ገባ፣ ቆመ፣ 40 ሰከንድ ያህል ቆየ። ከሳፖሮ የመጣው የጃፓን አየር መንገድ ኤ350 ከላዩ ላይ አረፈበት። ኤ350ው ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ወጡ። ከትንሹ አውሮፕላን 6 ሰዎች ግን 5ቱ ሞቱ።

ማንቂያው በርቶ ነበር ወይ? አዎ። ማያው ላይ ራንዌዩ ቢጫ ሆኗል፣ የአውሮፕላኑ ምልክት ቀይ ሆኗል። ድምፅ ግን አልነበረውም። ያን ማያ ያለማቋረጥ ተመልከት የሚል ግዴታም አልነበረም፤ ዋናው ሥራ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ነው ተብሎ የተቀመጠ ነው። እስቲ አስቢው፤ ሰውየው በጨለማ ብዙ መብራት መካከል ውጭ ውጭውን እያየ፣ በሬዲዮ እያወራ፣ የሚቀጥለውን አውሮፕላን እያሰበ ነው። ከጎኑ ያለ ማያ ድምፁን ሳያሰማ ቀለም ቀየረ። «እንዴት አላየውም?» ከማለታችን በፊት «እንዲያየው ተደርጎ ነው ወይ የተሠራው?» ብለን መጠየቅ አለብን። ጃፓኖችም የጠየቁት ይህንኑ ነው። ከአደጋው በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያን ማያ ብቻ የሚከታተል ሰው መደቡ።

«ለምን ራሱ አያስቆመውም?» ላልሽው፣ ማንቂያው ከአውሮፕላኑ ፍሬን ጋር የተገናኘ አይደለም። በመሃል ሰንሰለት አለ። ማሽኑ ያሰላል፣ ይጮኻል፣ ተቆጣጣሪው ይሰማል፣ የትኛው ራንዌይና የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ ይለያል፣ ሬዲዮውን ይጫናል፣ የጥሪ ስሙን ይጠራል፣ አብራሪው ሰምቶ ይገባዋል፣ እጁን ያንቀሳቅሳል፣ ሞተሩ ጉልበት ያገኛል። ሊያርፍ የተቃረበ ጄት በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራል። በሴኮንድ ከ70 ሜትር በላይ ማለት ነው። ይህ ሰንሰለት 10 ሴኮንድ ከፈጀ አውሮፕላኑ 700 ሜትር ሄዷል። ሬዲዮው ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ነው። በ1977 ቴነሪፍ ላይ 583 ሰው ባለቀበት አደጋ፣ የተቆጣጣሪው «ጠብቅ» የሚለው ቃልና የፓን አሙ አብራሪ «ገና ራንዌዩ ላይ ነን» ያለው አንድ ላይ ስለተላለፉ ሊነሳ ይሮጥ በነበረው የኬኤልኤም አውሮፕላን ውስጥ የተሰማው በአብዛኛው ጩኸት ነበር።

ሰንሰለቱን የሚያሳጥር ነገር ግን አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። አሜሪካ ውስጥ 20 በሚሆኑ አየር ማረፊያዎች ራንዌዩ ላይና መግቢያዎቹ ላይ መሬት ውስጥ የተቀበሩ ቀይ መብራቶች አሉ። ተቆጣጣሪው አይነካቸውም። ሌላ አውሮፕላን በፍጥነት ራንዌዩን ይዞ ሲመጣ ራሳቸው ይበራሉ። ደንቡም ግልጽ ነው፤ ፈቃድ ቢኖርህም ቀዩ በርቶ ካየህ ቁም፣ ለተቆጣጣሪው ንገር። አረንጓዴ የሚባል ነገር የለውም፣ መጥፋቱም ፈቃድ አይደለም። ማሽኑ «አይሆንም» ማለት ብቻ ተፈቅዶለታል። እኔ በዚህ ሥራ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ በደንብ የታሰበበት ይህ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፣ ማንን ይስማ ወደሚለው። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ ለዚህ ጥርት ያለ መልስ አለው። የራንዌይ ማንቂያ ሲጮህ ተቆጣጣሪው ወዲያው ውጭውንም ማያውንም ያያል። ከዚያ ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። ማስጠንቀቂያው ሊያርፍ እየመጣ ያለን አውሮፕላን የሚመለከት ከሆነ «ጎ አራውንድ» ይላል፤ ማረፉን ትተህ ወደ ላይ ተመለስ ማለት ነው። በአንድ ላይ ተጠግተው ከሚበሩ አውሮፕላኖች በቀር ይሄ የግድ ነው፣ ምርጫ የለውም። ለሌሎቹ ማንቂያዎች ግን ሁኔታውን መዝኖ በራሱ ውሳኔ ትእዛዝ ይስጥ ይላል።

ለምን ተለያየ? አየር ላይ ያለው አውሮፕላን ወደ ላይ ቢመለስ የሚከስረው ነዳጅና 15 ደቂቃ ገደማ ነው። መንገደኛው ይደነግጣል፣ አብራሪው ሥራ ይበዛበታል፣ ከላይ ያለው ትራፊክ መደርደር ይኖርበታል፣ በቃ። ስህተት ሆኖ ቢገኝ ዋጋው ይቻላል። ሊነሳ እየሮጠ ያለው ግን እንዲህ አይደለም። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ከሄደ በኋላ ቁም ብትይው ራንዌዩ አልቆበት ሊወጣ ይችላል። ከዚህም የባሰ አለ። ሁለት ራንዌዮች በሚቋረጡበት ቦታ ቁም ያልሽው አውሮፕላን ልክ መጋጠሚያው ላይ መጥቶ ሊቆምልሽ ይችላል፤ ቢሄድ ኖሮ ያልፍ የነበረውን ግጭት ራስሽ ፈጠርሽው ማለት ነው። ማሽኑ «ግጭት አለ» ሲል ትክክል ነው። «ቁም» ይሻላል ወይስ «ቀጥል» የሚለውን ግን ለሰው ይተወዋል።

በጎ ምሳሌ ልስጥሽ። ጃንዋሪ 13 ቀን 2023፣ ኒው ዮርክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ፣ በምሽት። የአሜሪካን አየር መንገድ 777 የተሳሳተ መንገድ ይዞ ራንዌዩን አቋረጠ። የዴልታ 737 በዚያው ራንዌይ ሊነሳ መሮጥ ጀምሯል። ማንቂያው ጮኸ፣ ተቆጣጣሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ የዴልታውን ፈቃድ ሰረዘ፣ አውሮፕላኑ ገና መቆም በሚችልበት ፍጥነት ላይ እያለ ስለተነገረው ቆመ። ማንም አልተጎዳም። እዚህ ማሽኑና ሰውየው እኩል ሠርተዋል፤ አንዱ ባይኖር ሌላው አይበቃም ነበር።

ግን ማንቂያ የሌለበትም አለ። ከዚያ በሦስት ሳምንት ቴክሳስ፣ ኦስቲን ላይ ጭጋግ ነበር። የሳውዝዌስት አውሮፕላን ሊነሳ ራንዌዩ ላይ ገብቷል፣ የፌዴክስ አውሮፕላን በዚያው ላይ ሊያርፍ እየወረደ ነው፣ ተቆጣጣሪው ለሁለቱም ፈቅዷል። በጭጋጉ አንዳቸውንም አያይም። አየር ማረፊያው ያኔ የመሬት ራዳር ማንቂያ አልነበረውም። አደጋውን ያስቀሩት የፌዴክስ አብራሪዎች ናቸው፤ ከፊታቸው የአውሮፕላን መብራት አዩና ወደ ላይ ተመለሱ። በሁለቱ መካከል የቀረው ከ200 ጫማ ያነሰ ነበር። 60 ሜትር እንኳ አይሞላም።

ማንቂያ ኖሮም የማይጮህበት አለ። በጁላይ 2017 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የኤር ካናዳ አውሮፕላን ራንዌዩን ትቶ አጠገቡ ባለው ታክሲዌይ (አውሮፕላኖች ወደ ራንዌዩ የሚሄዱበት መንገድ) ላይ ሊያርፍ ተሰለፈ። እዚያ አራት አውሮፕላኖች ተራ ይጠብቃሉ። ተመልሶ ከመውጣቱ በፊት ከመሬት 60 ጫማ ያህል እስኪቀረው ወርዶ ነበር። ሥርዓቱ ዝም አለ። የተሠራው የራንዌይን ግጭት እንዲያሰላ እንጂ ታክሲዌይ ላይ የሚያርፍ ሰው ይመጣል ብሎ አይደለም። በኋላ ይህንንም እንዲለይ አስተካከሉት። ወንድምሽ ከዚህ አንድ ነገር ይያዝ፤ የማንቂያው ዝምታ «ሰላም ነው» ማለት አይደለም። ትራንስፖንደር ያልገጠመ የጥገና መኪና፣ ራንዌዩ ላይ የገባ እንስሳ፣ የወደቀ ብረት፣ እነዚህን ሁሉ ያያል ብሎ እንዳይተማመን።

አሁን ደግሞ ስለ ሐሰተኛ ማንቂያ ልንገርሽ። ይሄ ጉዳይ ልቤን ይበላዋል። ዝናብ ሲዘንብ፣ ምልክቱ ከሕንፃ ጋር ሲላተም፣ ራዳሩ የሌለ ነገር ያሳያል። አንድ ሌሊት የት እንደሆነ ይቅርና፣ ከባድ ዝናብ እየጣለ ማያው ላይ ራንዌዩ መሃል ነጥብ ብቅ ይላል፣ ይጮኻል፣ ይጠፋል። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ሁሌም ወደ ውጭ አየሁ፣ በእርጥቡ አስፋልት ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ እንጂ ምንም የለም። አራተኛው ሲጮህ ጣቴ ድምፁን ማጥፊያው ላይ እንደሆነ አገኘሁት። እኔ ልኬው አልነበረም፣ እጄ ራሱ ሄዷል። ሊያርፍ የሚመጣ አውሮፕላን ሁለት ማይል ላይ ነበር። ጎ አራውንድ አልኩት። ራንዌዩ ላይ መኪና ላክን፣ ምንም አልነበረም። አብራሪው ምክንያቱን ጠየቀ፣ ነገርኩት፣ «እሺ» ብሎ ዞሮ አረፈ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው አውሮፕላኑን ሳይሆን ያን ጣቴን ነው።

ሚላኖ ሊናቴ ላይ ኦክቶበር 8 ቀን 2001 በጭጋግ 118 ሰው አለቀ። አንዲት ትንሽ ሴስና ጄት ተሳስታ የስካንዲኔቪያው አውሮፕላን የሚነሳበት ራንዌይ ላይ ገብታ ነበር። የመሬት ራዳሩ አይሠራም፤ አሮጌው ተነስቷል፣ አዲሱ ገና ሥራ አልጀመረም። እንቅስቃሴ የሚለዩ መሣሪያዎች ግን ነበሩ። እንስሳም መኪናም እያለፈ በከንቱ ስለሚያስጮሃቸው እንዲጠፉ ተደርገው ነበር። ሐሰተኛ ማንቂያ መጀመሪያ ጆሮን ያደነዝዛል፣ ቀጥሎ ሰው መሣሪያውን ያጠፋዋል። እዚያው አንቺ ሰፈር በደረሰው፣ 67 ሰው ባለቀበት አደጋም የግጭት ማንቂያ ማማው ውስጥ ነበር። ተቆጣጣሪው ሄሊኮፕተሩን «አውሮፕላኑ ይታይሃል?» ብሎ ጠይቋል። ሄሊኮፕተርና የመንገደኛ አውሮፕላን ሁልጊዜ ተቀራርበው በሚበሩበት በዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ማንቂያ ብርቅ አልነበረም። ማንቂያው ሁልጊዜ የሚጮህ ከሆነ ችግሩ ጆሮው አይደለም። መስመሮቹ ናቸው፣ የተሠሩበት መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር ላስተካክል። «ከተቆጣጣሪው ይልቅ ማሽኑን ስማ» የሚለውን ሰምተሽ ይሆናል። ይህ የመጣው በ2002 ጀርመን ኡበርሊንገን ላይ 71 ሰው ከሞተበት ግጭት ነው። አየር ላይ የሚሠራው ቲካስ (አውሮፕላኖቹ ላይ የሚገጠም የግጭት መከላከያ መሣሪያ) አንዱን አውሮፕላን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ብሎ አዘዘ። ተቆጣጣሪው ደግሞ ውጣ የተባለውን ውረድ አለው። ሁለቱም ወረዱ። ከዚያ በኋላ ቲካስ ካዘዘ አብራሪው ቲካስን ይከተላል የሚለው ያለ ጥርጥር ተቀመጠ። ግን ልብ በይ፣ ቲካስ የሚናገረው ለአብራሪው ነው፣ ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ተነጋግረው ነው፣ የሚሰጠውም ትእዛዝ ነው። የራንዌይ ማንቂያ የሚናገረው ለተቆጣጣሪው ነው፤ ችግር አለ ይላል እንጂ ምን አድርግ አይልም። ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ቲካስ ራሱ ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል። ስለዚህ የአንዱን ደንብ ወስዶ ለሌላው ማልበስ አይቻልም።

የተቆጣጣሪው የማመዛዘን ችሎታ ታዲያ የት ነው የሚታየው? ማንቂያው ከመጮሁ በፊት። ሥራው እዚያ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1991 ሎስ አንጀለስ ላይ አንዲት ተቆጣጣሪ ትንሽ የስካይዌስት አውሮፕላን ራንዌዩ ላይ ገብቶ እንዲጠብቅ ፈቀደች። ምሽት ነው፣ ሥራ በዝቷል፣ ከሌላ አውሮፕላን የበረራ ወረቀት (ተቆጣጣሪው ፊቱ የሚያስቀምጠው የእያንዳንዱ በረራ መረጃ) ጋር ተያይዞ ግራ መጋባት ተፈጠረ። ትንሹን ረሳችው። በዚያው ራንዌይ ላይ የዩኤስ ኤር አውሮፕላን እንዲያርፍ ፈቀደች። 35 ሰው ሞተ። የመሬት ራዳሩ ያን ቀን ተበላሽቶ ነበር። መርማሪዎቹ ጥፋቱን በእሷ ላይ ብቻ አልጣሉም፤ አንድ ሰው ሲረሳ የሚይዘው ሌላ ነገር ማማው ውስጥ አለመዘርጋቱን ነው አጥብቀው ያነሱት። መርሳት የሰው ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች የማይረሳ ነገር በእጃቸው ይሠራሉ፤ ራንዌዩ ሲያዝ ከፊታቸው ምልክት ያስቀምጣሉ፣ ወረቀቱን ያዘነብላሉ፣ ባዶ ሳይሆን ደግሞ አያነሱትም። አዲስ ተማሪ ይህን እንደ ልጅ ነገር ያየዋል። አይደለም።

አውሮፓ ውስጥ አሁን የሚሻል ነገር እየተስፋፋ ነው። ተቆጣጣሪው የሚሰጠውን ፈቃድ በወረቀት ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ ስትሪፕ (ማያ ላይ በሚታይ የበረራ ወረቀት) ያስገባል። ሥርዓቱም ሁለት የሚጋጩ ፈቃዶች ሲያገኝ ወዲያው ይናገራል። አውሮፕላኖቹ ገና ሳይንቀሳቀሱ ማለት ነው። ሃኔዳ ላይ የተፈጠረውን ዓይነት፣ አውሮፕላኑ ካልተፈቀደለት መስመር ሲያልፍ የሚለይም አለ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ማሽኑ ነጥብ ብቻ ሳይሆን የተባለውንም ያውቃል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ተቆጣጣሪው በአፉ የተናገረውን በዚያው ቅጽበት ካላስገባ ማሽኑ የሚያውቀው ሐሰት ነው። ሥራ ሲበዛ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘነጋው ይሄ ነው።

አንድ ሰው ደግሞ ልጨምር፣ ከማማው ውጭ ያለውን። ዲሴምበር 1999 ፕሮቪደንስ ላይ በጭጋግ መንገድ የጠፋበት የዩናይትድ አውሮፕላን ተሳስቶ ራንዌይ ላይ ገብቶ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ግን ራንዌዩ ነፃ ነው ብላ ለሜትሮጄት አውሮፕላን መነሻ ሰጠችው። በሬዲዮ የሚባለውን ሁሉ ሲሰሙ የነበሩት የሜትሮጄት አብራሪዎች ዩናይትድ የት እንዳለ በእርግጥ ካልታወቀ አንነሳም አሉ። ምንም ማንቂያ አልነበረም። ወንድምሽ አብራሪ «አልገባኝም፣ አልሄድም» ሲለው መከራከር የለበትም፤ ያ ሰው ለእሱ ማንቂያው ነው።

ስለዚህ ለጥያቄሽ ቁርጥ ያለ መልሴ ይህ ነው። ሊያርፍ የሚመጣ አውሮፕላን ካለና የራንዌይ ማስጠንቀቂያ ከጮኸ፣ ዓይኑ ምንም ባያይም ጎ አራውንድ ይበል፣ ምክንያቱን በኋላ ይፈልግ። «እስቲ ላረጋግጥ» የሚለው ሦስት ሴኮንድ የእሱ አይደለም፣ የአውሮፕላኑ ነው። ወደ ላይ መመለስን ያዘዘ ሰው ማንቂያው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ሊወቀስ አይገባም። አለቃው ከወቀሰው ችግሩ አለቃው ጋ ነው። ሊነሳ እየሮጠ ያለ ከሆነ ግን ፍጥነቱንና ቦታውን አይቶ ይወስን፤ ለዚህ ደግሞ ቀድሞ በስልጠና ደጋግሞ ካልተለማመደ በዚያች ቅጽበት አስቦ አይደርስበትም። ተቃራኒው ሲሆን፣ ማንቂያው ዝም ብሎ ዓይኑ ግን አንድ ነገር ካየ፣ ዓይኑን ይመን። በሁለቱም በኩል አደጋ አለ የሚለውን ይመን።

ሐሰተኛ ማንቂያ ባጋጠመው ቁጥር ይጻፈው፤ ሰዓቱን፣ አየሩን፣ ቦታውን። ድምፁን ማጥፋት ቀላል ነው፣ የሚስተካከለው ግን በወረቀት ሲጠራቀም ነው። የማረፍ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ደግሞ ራንዌዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ይጥረገው፣ በየጊዜው፣ ባዶ መሆኑን ቢያውቅም። «ቁጥር አንድ» ዓይነት ቃል አብራሪውን ሊያሳስተው ይችላል ብሎ ከጠረጠረ «ከራንዌዩ ውጭ ጠብቅ» ብሎ ይጨምር፣ መልሶም ያስነብበው።

ስልጠና ሲጀምር የመጀመሪያ ሳምንት ላይ አስተማሪውን ሁለት ነገር ይጠይቅልኝ። የምንሠራበት ማማ ማንቂያ ድምፅ አለው ወይ? ሲጮህስ ማድረግ ያለብኝ በጽሑፍ ተቀምጧል ወይ? መልሱ «እንደ ሁኔታው ታየዋለህ» ከሆነ፣ እስኪጻፍ ድረስ መጠየቁን እንዳያቆም።